የደቦው ጌታ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ መሪዎችና ስለ መምህራን ሥራ

ሙጃ ላይ ገብስ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። የተወለድኩበት አገር ስለሆነ ነገሩን ከማጀት እስከ ማሳ አውቀዋለሁ። ደቦ የሚጠራ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣና ማጭዱን ስሎ ከሰልፉ ራስ ይቆማል፤ ጠላው መድረሱን፣ እንጀራው መብቃቱን፣ ሽማግሌው ከጥላው ሥር መቀመጡን ያያል። ሁለተኛው ደግሞ ከጥላው ሥር እሱ ራሱ ይቀመጥና «እገሌ ወደ ኋላ ቀረ፣ እገሌ ነዶውን አሳነሰ» እያለ ይቆጥራል። በአንደኛው ማሳ ሆታው ከሩቅ ይሰማል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም አጨዳው ያልቃል። በሁለተኛው ማሳ ሰው እጁን እንጂ ልቡን አይሰጥም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራ ደግሞ «ከብት ጠፍቶብኝ ነበር» ይላል። መሬቱ አንድ፣ ገብሱ አንድ፣ አጫጁም አንድ ነው። የተለየው የደቦው ጌታ ነው።

ዛሬ በየቢሮው «ምርታማነት» የሚባል ቃል ይሰማል። የዩኒቨርሲቲ መምህርም እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ምርታማነቱ ይለካ ተብሎ ቅጽ ይሞላል። እኔ ልኬቱን አልቃወምም፤ የሚበላው ከሕዝብ ግብር ነውና ሥራው መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የመምህሩን ነዶ ስንቆጥር የደቦውን ጌታ ማን ይቆጥረዋል? የዩኒቨርሲቲ መሪ አያያዝ የመምህሩን ሥራ እንዴት ያለማል፣ እንዴትስ ያጠፋል? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከማብሰልሰል ወደ አገራችን ታሪክ ወርደን ብንመለከተው ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ከቅርባችን እንጀምር። ወሎ ውስጥ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚባለውን ገዳም የማያውቅ የለም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ገብተው ትምህርት ቤት አቆሙ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1280 ዓ.ም. ግድም የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ልብ እንበል፤ እኒህ አበምኔት አስተዳዳሪ ብቻ አልነበሩም፤ ያስተምሩ ነበር፣ መጽሐፍ ያስጽፉና ይሰበስቡም ነበር። የቤቱ አለቃና የቤቱ ሠራተኛ አንድ ሰው ነው። ከጊዜ በኋላ የሐይቅ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ከቤተ መንግሥት ተጠጋ፤ ሥልጣኑም ገነነ። ለገዳሙ ክብር ሆነለት፤ ግን አለቃው ፊቱን ወደ ግቢ ሲያዞር ከኋላው ያለው ጉባኤ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያቅትም።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ቅኔ የፈለገ ተማሪ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ዋሸራ፣ ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል። ማንም አይመድበውም፤ እግሩ ነው የሚመራው። የኔታ ሰነፍ ወይም ጨካኝ ከሆነ ተማሪው አኮፋዳውን አንሥቶ በሌሊት ወደ ሌላ ጉባኤ ይሻገራል፤ ጎጆዎቹ ባዶ ይቀራሉ። ይህ ቅጽ የሌለው ግምገማ ነው። የየኔታ ሥልጣን ከላይ በተጻፈ ደብዳቤ ሳይሆን ከዕውቀቱና ከአያያዙ የሚመጣ ነበር። እርግጥ ነው፣ ዱላም ነበረበት፣ ረሀብም ነበረበት። የድሮውን ሁሉ ወርቅ ነው አልልም። ግን መሪው ራሱ ከሰልፉ ራስ የሚቆምበት ሥርዓት ለእኛ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያሳያል።

አሁን ወደ ዘመናዊው እንምጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲው ስለ ታሪኩ እንደሚናገረው ያን ጊዜ የተቀበለው 33 ተማሪዎችን ነው። መሪው ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። ሥርዓቱ የአዳሪ ቤት ሥርዓት ነው፤ ደወል፣ ሰዓት፣ ተግሣጽ። መምህሩ ጥቂት፣ ተማሪውም ጥቂት ስለሆነ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥም ያነቡ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም አነበበ። ከዚያ ወዲህ ግጥሙም፣ አድማጩም፣ ግቢውም እንደ ድሮው አልሆኑም፤ ብዙ ሳይቆይ አዳሪነቱም ቀረ። ይህን የማነሣው መጽሔታችን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ስለሆነች ብቻ አይደለም። የአንድ የትምህርት ቤት መሪ ዋናው ፈተና የማይፈልገውን ነገር በጨዋ ቋንቋ ሲሰማ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ነው።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ንጉሠ ነገሥቱ የ1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ደም ያፈሰሰበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። መጀመሪያ አሜሪካዊው ሃሮልድ ቤንትሊ፣ ቀጥሎ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም፣ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ መሩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው መምህር የውጭ አገር ሰው ነበር። የአመራሩ ትልቁ ሥራም ይኸው ነበር፤ ኢትዮጵያዊውን ወጣት ውጭ ልኮ አስተምሮ፣ መልሶ ወንበሩን ማስረከብ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልጥቀስ። አንደኛው በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር፣ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚፈርሙ ብቻ አልነበሩም፤ ፓንክረስት ይጽፍ ነበር፣ ሆይናትስኪ ሥዕልና መስቀል ይሰበስብ ነበር። ተቋሙ መጽሔት ጀመረ፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ከጥቂት ሰዎች ይህን ያህል ሥራ እንዴት ወጣ? መሪው የሥራው ሰው ስለነበረ፣ ሥራውም ነገ የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ መድረሻ ስለነበረው ይመስለኛል።

ሁለተኛው በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ገጠር ወርዶ እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኛውም አስተማሪ ሆነ። አመራሩ ያሰበው አገልግሎትን ነበር፤ ተማሪው ይዞት የተመለሰው ግን ጥያቄም ጭምር ነው። መሬት ለማን? ገባር ለምን? ያንን ጥያቄ የሚሸከም አመራር ግን ከግቢው በላይ አልነበረም። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ አስከሬኑን ለመሸኘት በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይም በግቢው ተተኮሰ። ዩኒቨርሲቲው የተሰጠው ቤተ መንግሥት ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ጥላ ግን አብሮ ተሰጥቶ ነበር።

እንግዲህ አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ። እኔን የሙጃ ልጅ «የዩኒቨርሲቲ መምህር ምርት ምንድነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር የምመልሰው በወሎ ረሀብ ነው።

በ1958 ዓ.ም. ወሎ ላይ ረሀብ ገባ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረሀብ ባጠኑት ጥናት እንደሚታየው፣ ወሬው አገር ግዛት ሚኒስቴር ከደረሰ በኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ እስኪነገር 302 ቀን አለፈ። ከዚያ የመጣው መልስም የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክ የሚል ነበር። ሦስት መቶ ሁለት ቀን! ከሙጃ ተነሥቶ በእግሩ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ደርሶ፣ እንደገና የሚመለስበት ጊዜ ነው። ወሬው በእግር ቢሄድ ይሻለው ነበር። የቆመው ግን ጠረጴዛ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሹም የበላዩን ፊት እያየ ወረቀቱን አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አሳደረው። ይህ የአመራር ታሪክ ነው፤ ክፉ ወሬ ይዞ የሚመጣ የሚቀጣበት ቤት መጨረሻው እንዲህ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ረሀቡ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከዩኒቨርሲቲው የተነሡ መምህራን ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ ፎቶግራፉም በግቢው ለእይታ ቀረበ። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ለዓለም ያሳየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ መምህሮቻችን ግማሽ ዓመት ቀድመዋል ማለት ነው። ይህን ሥራ በየትኛው ቅጽ እንሞላዋለን? የክፍል ሰዓት አይደለም፣ የታተመ ጽሑፍም አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ በዓመታዊ ዕቅድ አይታዘዝም፤ በቁጥጥር አይወለድም። የሚወለደው መምህሩ አገሩ ጉዳዩ እንደሆነች ሲሰማውና ያየውን ተናግሮ ማደር እንደሚችል ትንሽ ተስፋ ሲኖረው ነው። መሪ ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ነገርም ያ ትንሽ ተስፋ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። ዩኒቨርሲቲው በ1967 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ። ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣ፤ ሰው ባልንጀራውን መፍራት ጀመረ። ለትምህርት ውጭ ከተላኩት ብዙዎች በዚያው ቀሩ። ሆኖም እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር፤ በዚያው ዘመን በ1971 ዓ.ም. የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የአገራችን የታሪክ፣ የቋንቋና የሳይንስ ተመራማሪዎች እዚሁ አገር ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ መሥራት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ? ከላይ ያለው ክፉ ቢሆንም በመካከል ያለው የዲፓርትመንት ኃላፊ ጣራ ሆኖ ዝናቡን ሊከላ ይችላል፤ እኔ እንደዚያ ነው የምረዳው። የዩኒቨርሲቲ አመራር ማለት ፕሬዚዳንቱ ብቻ አይደለም። የመምህሩን ዕለት ተዕለት የሚወስነው የቅርብ አለቃው ነው።

ከዚያም 1985 ዓ.ም. አለ። በታኅሣሥ የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ በሚመለከት ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። በሚያዝያ ደግሞ 42 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። ከነሱ አንዱ የሕክምና ፋኩልቲውን ከመሠረቱት መካከል የነበሩት ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። የፖለቲካውን ክርክር ለጊዜው እንተወውና በሥራ ዓይን ብቻ እንየው። አንድን ቀዶ ሐኪም መምህር ለማድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል? ሃያ? ሠላሳ? በአንድ ደብዳቤ ሲሄድ አብሮት የሚሄደው የእሱ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ገና ያላስተማራቸው ተማሪዎች ዕውቀትም ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን በቀሩት ላይ የሚደርሰው ነው። አርባ ሁለት ሰው ሲሄድ ያየ መምህር ምን ይማራል? ዝም ማለትን። ዝም ያለ መምህር ክፍል ይገባል፣ ይወጣል፣ ፈተና ያርማል፤ በቅጹ ላይ ሙሉ ነው። ግን የወሎን ፎቶግራፍ አያነሣም።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በዛ። በ1983 ዓ.ም. በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ለእኛ ለወሎ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ድረስ መጥተዋል። አያቴ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል የሰማችው ልጆቿን ካገባች በኋላ ነው፤ እኔ ግን ከቤቴ ብዙ ሳልርቅ ልገባበት የምችል ሆነ። ከሕንጻው ጋር ግን ሌላ ነገር አብሮ መጣ፤ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ምዘና፣ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት። እያንዳንዱ ሲመጣ በስብሰባ ይጀመራል፣ በሪፖርት ያልቃል። ዓላማቸው ክፉ ነበር አልልም። ግን ብዙዎቹ ከጥላው ሥር ተቀምጦ የመቁጠሪያ ዘዴዎች ሆነው ቀሩ።

አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ግቢውን አልጠቅስም። አንድ መምህር ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ አፈር ሰብስቦ ገብሱ ለምን እንደቀጨጨ ማጥናት ፈለገ። የጠየቀው ለሦስት ቀን መኪና ነው። ማመልከቻው ከዲፓርትመንት ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ምርምር፣ ከምርምር ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ስምሪት ሄደ። መኪናው ሲፈቀድ ገብሱ ታጭዶ፣ መሬቱ ታርሶ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የምዘና ቅጽ መጣለት፤ «ዕቅድዎን በስንት መቶኛ ፈጸሙ?» ይላል። «98 ብዬ ሞላሁት» አለኝ እየሳቀ። «ሁለቷን ለምን አስቀረሃት?» ብለው «ሰው እንዲያምነኝ» አለ። ሳቅን። ኋላ ግን ሳስበው 302ቱ ቀን ትዝ አለኝ። ወረቀቱ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ነበር። የገበሬው ጥያቄም አብሮት ቆሟል።

ደግነቱ ታሪካችን የተገላቢጦሹንም ያሳያል። ጦርነቱ ወደ ወልዲያ በደረሰ ጊዜ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲዋም ተዘርፋ፣ ቤተ ሙከራዋና ኮምፒዩተሮቿ ወድመው ተገኘች። መምህራኑና ሠራተኞቹ ተመልሰው፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም አግዘው ትምህርት እንደገና ተጀመረ። ወንበር ባልነበረበት ክፍል ገብቶ ማስተማር በየትኛው መመሪያ ይታዘዛል? በዚያን ጊዜ አለቃና ምንዝር አብረው መጥረጊያ ሲይዙ ሥራው በራሱ ሄደ። ያ ደቦ ነበር። የሚያሳዝነው አደጋ ሲመጣ የምናውቀውን አብሮነት ቢሮው ሲታደስ መርሳታችን ነው።

እርግጥ አመራር ብቻውን ሁሉን አይፈታም። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ደመወዛቸው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን መምህር በመልካም ፊት ብቻ አታሠራውም። ጠላ የሌለው ደቦ በሆታ አይሞላም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የቀጠለው ግጭትም የትኛውም ፕሬዚዳንት በፊርማው የሚያቆመው አይደለም። ቢሆንም ድህነቱ በጋራ ሲሆን መሪው አብሮ መቸገሩና አለመቸገሩ ልዩነት ያመጣል።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ጸደቀ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። ከላይ ያለው እጅ ይላላል ማለት ነው። ጥሩ ነው። ግን ራስ ገዝነት ከሚኒስቴር ወደ ፕሬዚዳንት ቢሮ ወርዶ እዚያው ከቆመ ጥላው ቦታ ቀየረ እንጂ ፀሐይ አልወጣም። ወደ ዲፓርትመንቱ፣ ከዚያም ወደ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ እኛ ወደ ተማሪዎች መውረድ አለበት።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ነገ ከመካከላችን የዲፓርትመንት ኃላፊ፣ ዲን፣ ምናልባትም ፕሬዚዳንት የሚሆን አለ። ዛሬ የተማሪ ኅብረት ጸሐፊ ሆነን፣ የክፍል ተጠሪ ሆነን እንዴት እንይዛለን? ስብሰባ ጠርተን ራሳችን ዘግይተን የምንመጣው እኛ አይደለንም? ቅሬታ ይዞ የመጣን ጓደኛችንን «ነገ ተመለስ» የምንለው እኛ አይደለንም? 302 ቀን የሚጀምረው ከአንድ «ነገ ተመለስ» ነው እኮ።

በሰባ ሰባቱ ረሀብ የተረፈችው አያቴ ማንበብ አትችልም። ባለፈው ክረምት ቤት ስገባ «እዚያ ትልቁ ትምህርት ቤት ምን ትሠራላችሁ?» አለችኝ። ስለ ቅጹም፣ ስለ ምዘናውም፣ ስለ ስብሰባውም ነገርኳት። እሳቱን እየቆሰቆሰች ዝም ብላ ሰማችኝና «ገብሳችንስ? የሚያየው ሰው አለ?» አለች። የምመልሰው አጣሁ።

ጥያቄዋን ለእናንተም አቀርባለሁ። በየዲፓርትመንታችሁ ያሉትን አሮጌ መምህራን ጠይቁልን፤ የትኛው ዲን ወይም ኃላፊ በነበረበት ዓመት ብዙ ሠሩ? ለምን? የትኛው ማመልከቻ ስንት ቀን ጠረጴዛ ላይ አደረ? የሰማችሁትን ጽፋችሁ አምጡ። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።